ደኑ ሲጠፋ የጠፉት ጥንዚዛዎች

ሳይንስ እስከ ዛሬ ለይቶ ስም ካወጣላቸው የእንስሳት ዝርያዎች መካከል ከአራቱ አንዱ ጥንዚዛ ነው። ቁጥራቸው ወደ 400 ሺህ ይጠጋል። ጎተራ ገብቶ በቆሎውንና ስንዴውን የሚፈጀው ነቀዝ ጥንዚዛ ነው፤ በከብት መሄጃ ላይ እበት አድበልብሎ የሚገፋው ጥንዚዛ ነው፤ ማታ ማታ ከአምፖል ጋር እየተላተመ የሚወድቀውም እንዲሁ። በበረሃ አሸዋ፣ በኩሬ ውስጥ፣ በበሰበሰ ግንድ፣ በተራራ ጫፍ ይኖራሉ። ከዚህ ብዛታቸው የተነሳ ስለ ጥንዚዛ በተጻፈ ቁጥር የሚደጋገም አንድ አመለካከት አለ፦ የማይበገሩ ፍጥረታት ናቸው፤ ምድር ስትናወጥ ሌላው ሲያልቅ እነሱ ይተርፋሉ የሚል።

ቅሪተ አካሎቻቸው የሚመሰክሩት ከዚህ የተለየ ነው። በ2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በቻይና ናንጂንግ የሚገኘው የጂኦሎጂና የጥንተ ሕይወት ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኢላይፍ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ከፐርሚያን ዘመን መጀመሪያ እስከ ትራያሲክ ዘመን አጋማሽ የኖሩትን ጥንዚዛዎች የቅሪተ አካል መዝገብ ሰብስበው የዝርያቸውን ብዛት፣ የአካላቸውን ቅርጽ፣ የዘር ሐረጋቸውንና የአኗኗራቸውን ለውጥ በአንድነት መረመሩ። የደረሱበት ውጤት አጭርና ከባድ ነው። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ፐርሚያን አብቅቶ ትራያሲክ ሲጀምር፣ የምድር ደኖች ሲወድሙ፣ እንጨት እየበሉ ይኖሩ የነበሩት ጥንዚዛዎች አብረው ወደሙ። ደኑ እስኪመለስ ድረስም እንጨት በል ጥንዚዛ ከመዝገቡ ጠፍቶ ቆየ።

ይህን ግኝት ቀደም ሲልና ከዚያ ወዲህ ከወጡ ሌሎች ጥናቶች ጋር አያይዤ ሳነበው አንድ እምነት አድሮብኛል። የአየር ንብረት ለውጥ በጥንዚዛዎች ላይ ያደረሰውን የሚወስነው የሙቀቱ ዲግሪ ብቻ አይደለም። ለውጡ የሚኖሩበትን ዛፍ ምን አደረገው? መሸሻስ ተወላቸው ወይ? የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ከሙቀቱ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ስለ ዛሬው ሙቀት ስንወያይ ዲግሪ መቁጠር ይቀናናል፤ የደኑን ነገር ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። የጥንቱ ታሪክ ይህ አካሄድ የተሳሳተ መሆኑን ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ ጥንዚዛዎች የኖሩበት ዓለም ለእኛ እንግዳ ነው። አበባ አልነበረም፤ ሣር፣ ወፍ፣ አጥቢ እንስሳም አልነበሩም። አህጉራት ተጋጥመው ፓንጌያ የተባለ አንድ ግዙፍ የብስ ሆነው ነበር። በደኑ ውስጥ ፈርኖች፣ ጥድ መሰል ዛፎችና ዛሬ ዘራቸው የጠፋ ተክሎች ይበቅሉ ነበር። እስከ አሁን ከታወቁት ሁሉ አንጋፋ ከሚባሉት የጥንዚዛ ቅሪተ አካሎች አንዱ በጀርመን ግሩገልቦርን በተባለ ስፍራ የተገኘው ሲሆን ዕድሜው ወደ 295 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት ከቼክ ሪፐብሊክና ከሩሲያ ኡራል ተራሮች አካባቢ ወጥተዋል። እነዚህ ጥንታውያን ጥንዚዛዎች አካላቸው ጠፍጣፋ ነበር። የፊት ክንፋቸው የዛሬዎቹን ያህል አልጠነከረም፤ ላዩም በመረብ መልክ በተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች የተሞላ ነበር። ጠፍጣፋነታቸው በዛፍ ቅርፊት ሥር ለመሹለክ እንዳመቻቸው ይታመናል።

የክንፉ ነገር ጠበቅ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። ቢራቢሮ አራቱንም ክንፎቿን ለበረራ ስታውል ጥንዚዛ ሁለቱን የፊት ክንፎች አጠንክሮ ለኋለኞቹ ሽፋን አደረጋቸው። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ስሱ ክንፍ እንዳይቀደድ ያደረገው ይህ ሽፋን ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ይኸው ሽፋን ሌላ አገልግሎት ሰጠ። አንዳንዶቹ ከሥሩ አየር ይዘው ውሃ ውስጥ ጠለቁ፤ ሌሎቹ በበረሃ የሰውነታቸውን እርጥበት ጠበቁበት። የጥንዚዛ ስኬት ሁሉ ከዚህ ክንፍ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ክንፉ የተገኘበትን ስፍራ ማስታወስ እመርጣለሁ፤ በጥንታዊ ደን ውስጥ፣ በዛፍ ቅርፊትና በግንድ መካከል ነውና።

እንጨት በዚያ ዘመን የተትረፈረፈ፣ ግን ተመጋቢው ጥቂት የሆነ ሀብት ነበር። ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንጨትን እጅግ ጠንካራና ለመፈጨት አዳጋች ያደርገዋል። ከፐርሚያን ቀደም ብሎ በነበረው በካርቦኒፌረስ ዘመን በረግረጋማ ደኖች ውስጥ ተቀብሮ የቀረው ዛፍ ዛሬ የድንጋይ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ያን ያህል ካርቦን ከመሬት በታች ስለቀረ በአየሩ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሎ እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬ 21 በመቶ ነው። ጥንዚዛዎች ወደ ግንዱ ዘልቀው ሲገቡ ይህ ሁኔታ መለወጥ ጀመረ። ጥንዚዛ እንጨቱን ከመብላቱም በላይ በግንዱ ውስጥ መግቢያ ይከፍታል። በከፈተው ዋሻ ፈንገስና ባክቴሪያ ይከተላሉ፤ ግንዱ ቶሎ ይፈርሳል፤ ካርቦኑም ወደ አየር ይመለሳል። የናንጂንጉ ጥናት አዘጋጆች እንጨት በል ጥንዚዛዎች በፐርሚያን ዘመን የካርቦን ዑደት ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘ ድርሻ እንደነበራቸው ይገምታሉ። ግምቱን የሚያጠናክር ማስረጃ ከዛሬው ዓለም አለ። በዚያው በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሞተ የደን እንጨት በየዓመቱ ወደ አየር የሚወጣውን ካርቦን 10.9 ቢሊዮን ቶን ገደማ ብሎ ሲያሰላ፣ ከዚህ ውስጥ 29 በመቶ ያህሉ የነፍሳት ሥራ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ዛሬ በዚህ ሥራ ውስጥ ምስጥም አለ። በፐርሚያን ዘመን ግን ምስጥ ገና አልተፈጠረም ነበር።

የዚያን ዘመን ጥንዚዛ አኗኗር በዓይን ለማየት ከሚያስችሉ ቅሪቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በሰሜን ቻይና ኒንግሺያ የተገኘው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ግንድ ነው። ዕድሜው ከ254 እስከ 252 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ስለ እሱ የተጻፈው ጥናት በ2017 ታትሟል። ዛፉ ከጥድ ወገን ነው። እናቲቱ ጥንዚዛ ቅርፊቱን ወግታ ገብታለች። ከቅርፊቱ ሥር አንድ ዋና ዋሻ ከፍታለች፤ በዋሻው ግራና ቀኝ ትናንሽ ጎድጓዳ ማደሪያዎች አበጅታ እስከ 11 እንቁላሎች አኑራለች። የተፈለፈሉት እጮች ደግሞ ከየማደሪያቸው ተነስተው እያደጉ፣ ቅርፊቱንና እንጨቱን እየበሉ የየራሳቸውን መንገድ ሰርስረዋል። ይህ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ተጽፎ ይታያል። ዛሬ በቅርፊት ሥር የሚኖሩት ጥንዚዛዎች የሚሠሩት ዋሻ ከዚህ ጋር ሲተያይ እጅግ ይመሳሰላል። ሆኖም የዛሬዎቹ አሠራር በቅሪተ አካል የሚታየው ከዚህ ግንድ 120 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። አንድ ዓይነት ኑሮ ሁለት ጊዜ፣ በተለያዩ ዘሮች ተፈጥሯል ማለት ነው። በመካከሉ ምን ሆነ?

በመካከሉ የሳይቤሪያ እሳተ ገሞራ አለ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ ሳይቤሪያ በምንላት ምድር ላይ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት በሚሊዮን የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ያለፈባቸውን የከሰልና የጨው ንብርብሮች አቃጠለ። ወደ አየር የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን አጋለ፤ በምድር ወገብ አካባቢ የነበረው የባሕር ወለል ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋቱን የሚጠቁሙ መረጃዎች አሉ። ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ከአሥሩ ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ ጠፉ። ስለዚህ እልቂት ብዙ የተጻፈው በባሕሩ በኩል ነው፤ ዛጎልና ኮራል በደለል ውስጥ በብዛት ስለሚቀሩ ለቆጠራ ይመቻሉ። በየብሱ የሆነው የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በየብሱ ደን ወደመ። በደቡቡ የፓንጌያ ክፍል፣ ዛሬ አውስትራሊያ፣ ሕንድና ደቡባዊ አፍሪካ በሆኑት ምድሮች ላይ የነገሠው ግሎሶፕቴሪስ የተባለው ዛፍ ጨርሶ ጠፋ። በአውስትራሊያ ሲድኒ ተፋሰስ የተደረገው የዕድሜ ልኬት እንደሚያሳየው ይህ ዛፍ የወደቀው የባሕሩ እልቂት ጣሪያ ከመድረሱ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀድሞ ነው። ዛፍ በነበረበት ቦታ ፕሊዩሮሜያን የመሰሉ ግንደ ቀጭን፣ ቅርንጫፍ የለሽ ተክሎች በቀሉ። ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ከትራያሲክ ዘመን መጀመሪያ የሆነ የከሰል ንብርብር በዓለም ላይ በየትም አልተገኘም። ከሰል የሚሆን ደን ለ10 ሚሊዮን ዓመት ያህል አልነበረም ማለት ነው።

የጥንዚዛው መዝገብ ባዶ የሆነው በዚሁ ጊዜ ነው። ከትራያሲክ መጀመሪያ የተገኙት ጥቂት ጥንዚዛዎች በውሃ ውስጥ ወይም በውሃ ዳር ይኖሩ እንደነበር የሚገመቱ ወገኖች ናቸው። እንጨት በሎቹ የሉም። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ አለ። የትራያሲክ መጀመሪያ ነፍሳት የሚገኙባቸው የቁፋሮ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ታዲያ ጥንዚዛዎቹ ጠፍተው ነው ወይስ እኛ አላገኘናቸውም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በከፊልም መዝገቡ ስስ መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። ነገር ግን ከሰሉ፣ የዕፅዋቱ ቅሪትና የጥንዚዛዎቹ መመለሻ ጊዜ ሦስቱም አንድ ቃል ይናገራሉ። ከዚህም በላይ ጉዳቱ አድልቷል። ያጠፋቸው ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በውሃ ዳር የነበረውንም በግንድ ውስጥ የነበረውንም በእኩል በመታ ነበር። የተመታው በይበልጥ የዛፍ ጥገኛው ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ደኑን ገደለ፤ የደኑ ሞት ደግሞ ጥንዚዛውን ገደለ ብሎ መደምደም ምክንያታዊ ነው።

ትራያሲክ ሲጋመስ ጥድ መሰል ደኖች ተመለሱ፤ እንጨት በል ጥንዚዛዎችም በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ታዩ። የታዩት ግን ሌሎች ናቸው። የፐርሚያንን ደን የሞሉት ቀደምት ነገዶች አልተመለሱም፤ ባዶውን ቤት የወረሱት አዲስ ዘሮች ናቸው። ከጥንታዊው መልክ ብዙውን ጠብቀው የቆዩት የዛሬዎቹ አርኮስቴማታ የሚባሉት ጥንዚዛዎች 50 ገደማ ዝርያ ብቻ አላቸው። ከ400 ሺህ ውስጥ 50 ማለት ነው። «ጥንዚዛ ከታላቁ እልቂት ተረፈ» ሲባል ይህን ማስታወስ ያሻል፤ ስሙ ተረፈ እንጂ በደኑ ውስጥ የነበረው ሕዝብ አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ያለው የትራያሲክ ታሪክ በአንድ ያልተጠበቀ ስፍራ ተጠብቋል። በፖላንድ ክራሼዮቭ ከተባለ ቦታ የወጣ፣ ወደ 230 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የደነደነ የእንስሳ ኩስ በፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው ኃይለኛ የኤክስሬይ ማዕከል ሲመረመር በውስጡ እግራቸውና አንቴናቸው ሳይቀር ያልተጎዳ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ተገኙ። በ2021 ትራያሚክሳ የሚል ስም ወጣላቸው። የበላቸው ሲሌሳውረስ የተባለ የዳይኖሰር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። የዛሬ ዘመዶቻቸው በእርጥብ ስፍራ አልጌ እየበሉ ይኖራሉ።

የአበባ ዘመን ሲመጣ ስለ ጥንዚዛ ብዛት ምክንያት ያለው ክርክር ይጠነክራል። አበባ ያላቸው ዕፅዋት በክሬታሺየስ ዘመን ምድርን ሲሞሉ የጥንዚዛ ብዛትም አብሮ ፈነዳ የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ገዢ ነበር። በ1998 የሃርቫርዱ ብራያን ፋረል ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ይህን በዘረመል ማስረጃ አጠናከረ፤ ወደ አበባማ ዕፅዋት የተሻገሩ የጥንዚዛ ነገዶች ካልተሻገሩት ዘመዶቻቸው እጅግ የበዙ ዝርያዎች እንዳሏቸው አሳየ። በ2007 ደግሞ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አልፍሪድ ፎግለር የመራው ቡድን ወደ 1,900 የሚጠጉ ዝርያዎችን መርምሮ ሌላ መልስ ሰጠ። ከመቶ በላይ የዛሬ የጥንዚዛ ነገዶች የተለያዩት ከክሬታሺየስ በፊት፣ አበባ ሳይበዛ ነው። የብዛታቸው ምሥጢር ድንገተኛ ፍንዳታ ሳይሆን የነገዶቹ ለረጅም ጊዜ መዝለቅ ነው አሉ። በ2015 ተመራማሪዎቹ ዴና ስሚዝና ጆናታን ማርኮት የቅሪተ አካል መዝገቡን ቆጥረው ይህን ደገፉ፤ ዛሬ አብዛኞቹን ዝርያዎች የያዘው ፖሊፋጋ የተባለው ክፍል በታሪኩ አብዛኛው ጊዜ አንድም ቤተሰብ እንዳልጠፋበት አገኙ።

የእኔ ፍርድ ሁለቱ መልሶች አይጣሉም የሚል ነው። አበባ ምግብ አመጣ፤ ግን ያን ምግብ መብላት የሚችሉት አስቀድመው የተዘጋጁ ነበሩ። የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲው ዱዌይን መኬና ከባልደረቦቹ ጋር በ2019 ያወጣው ጥናት ዝግጅቱ ምን እንደነበር ያሳያል። ቅጠልና እንጨት የሚበሉ በርካታ ጥንዚዛዎች የዕፅዋትን ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች የሚሠሩባቸውን ጂኖች በጥንት ጊዜ ከባክቴሪያና ከፈንገስ ወስደዋል። በበሰበሰ እንጨት ውስጥ፣ ከነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ጋር ጎን ለጎን የመኖር ልማድ ለዚህ ዝውውር ሳያመቻች እንዳልቀረ እገምታለሁ። ከምያንማር የወጣው 99 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አምበር (የደነደነ የዛፍ ሙጫ) ደግሞ የጥንዚዛንና የአበባን ግንኙነት በቁሙ ይዞታል፤ በ2019 የተገለጸችው አንጂሞርዴላ የተባለች ጥንዚዛ በአካሏ ላይ የአበባ ዱቄት እንደተሸከመች ሙጫው ውስጥ ቀርታለች። አምበር ሲነሳ የእኛም አገር ስም ይነሳል። በሰሜን ሸዋ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር በ2010 ይፋ ሲሆን ዕድሜው ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ወደ ሚዮሲን ዘመን፣ ማለትም ከ23 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ አወረደው። ለአገራችን የነፍሳት ታሪክ ትልቅ ሀብት መሆኑ ግን በዚህ አይቀንስም።

ዳይኖሰሮችን ያጠፋው የ66 ሚሊዮን ዓመቱ አደጋ በጥንዚዛ ቤተሰቦች ላይ የፐርሚያኑን ያህል ጠባሳ አልተወም። የአጥቢ እንስሳት መብዛትና በአፍሪካ የሣር ምድር መስፋፋት ደግሞ እበት ለሚያድበለብሉት ጥንዚዛዎች ሰፊ ማዕድ ዘረጋላቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።

በበረዶ ዘመን የሆነው ግን እዚህ ሊቀር አይችልም፤ የመሸሻው ጥያቄ በግልጽ የሚመለሰው እዚያ ነውና። በብሪታንያ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲው ራስል ኩፕ በ1950ዎቹ አፕተን ዋረን በተባለ የጠጠር ማውጫ ውስጥ ከጥቁር ጭቃ የጥንዚዛ ቅሪት መልቀም ጀመረ። ወደ ድንጋይነት ያልተለወጡ፣ ቀለማቸው እንኳ ያልጠፋ የክንፍ ሽፋኖች ነበሩ። ባለሙያዎች በዚያ የቅዝቃዜና የሙቀት መፈራረቅ ውስጥ ብዙ ዝርያዎች ጠፍተው ብዙ አዳዲስ ተፈጥረው ይሆናል ብለው ይጠብቁ ነበር። ኩፕ ያገኛቸው ግን በአብዛኛው ዛሬም በሕይወት ያሉ ዝርያዎች ሆኑ፤ የሚኖሩበት ቦታ ብቻ ተለውጧል። በበረዶ ዘመን በእንግሊዝ ምድር የተለመደ የነበረው አፎዲየስ ሆልደረሪ የተባለ እበት በል ጥንዚዛ ዛሬ የሚገኘው በቲቤት አምባ ላይ ብቻ ነው። አየሩ ሲለወጥ ጥንዚዛዎቹ አካላቸውን አልለወጡም፤ አገራቸውን ለወጡ። ይህ የታመነ ጠባያቸው ለሳይንስ መለኪያ እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1987 ኩፕና ሁለት ባልደረቦቹ ባለፉት 22 ሺህ ዓመታት የብሪታንያን የበጋና የብርድ ወራት ሙቀት ከጥንዚዛ ቅሪት አስልተው ኔቸር ላይ አወጡ።

ስደቱ ያዳናቸው መንገዱ ክፍት ስለነበረ ነው። በዚያችው ብሪታንያ ያልዳኑም አሉ። ቶርን ሙርስ ከተባለው ረግረግ ከነሐስ ዘመን ንብርብር ከወጡት የጥንዚዛ ቅሪቶች መካከል ራይሶደስ ሰልካተስን የመሰሉ፣ በአሮጌ ደን የወደቀ ግንድ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ዝርያዎች ይገኛሉ። የበረዶውን ዘመን ውጣ ውረድ በስደት ያለፉት እነዚህ ጥንዚዛዎች ዛሬ በብሪታንያ የሉም። ያጠፋቸው የአየሩ ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው የሰው መጥረቢያ ነው። አሮጌው ደን ተመነጠረ፤ ግንዱ አለቀ፤ እነሱም አለቁ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በመላው ዓለም የሆነው በአንድ ደሴት ላይ በትንሹ ተደገመ።

ወደ ላይ ብቻ መሸሽ የሚችሉም አሉ። በባሌና በሰሜን ተራሮች፣ ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ከፍታ ትሬኩስ የተባለው ወገን ትናንሽ ጥንዚዛዎች ከድንጋይ ሥር ይኖራሉ። ብዙዎቹ መብረር አይችሉም፤ ብዙዎቹም በአንድ ተራራ ላይ እንጂ በሌላው አይገኙም። በበረዶ ዘመን በባሌ የሚገኘው የሳነቲ አምባ ግግር በረዶ ነበረበት፤ ቀዝቃዛው ቀጠናም ወደ ታች ሰፍቶ ነበር። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን ቀጠናው ወደ ላይ ይጠባል። የባሌው ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ መሄጃ የለም።

ዛሬ ሙቀቱ የሚጠቅማቸው ጥንዚዛዎች አሉ፤ እነሱም ለእኛ ጥፋት ናቸው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጥድ ቅርፊት ጥንዚዛ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰፊ ደን አድርቋል። ቀድሞ እጮቹን ይገድል የነበረው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ እየቀረ ነው። በ2008 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ከ2000 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ወረርሽኙ በዚያ አካባቢ 270 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ኪሳራ እንደሚያስከትል አስልቶ፣ ደኑ ካርቦን ከመያዝ ወደ መልቀቅ መዞሩን ገልጿል። የፐርሚያን ጥንዚዛ የካርቦን ዑደትን ነክቶ ይሆናል ሲባል የተጋነነ ለሚመስለው ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ጉዳዩ ቡና ነው። የቡናን ፍሬ ሰርስሮ በውስጡ የሚፈለፈለው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላው ጥንዚዛ የዚሁ የቅርፊት ጥንዚዛ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ ይገመታል። በአንጀቱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሌላውን ነፍሳት የሚመርዘውን ካፌይን ያፈርሱለታል። በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚለው እስከ 1984 ድረስ የጅማ አየር ለዚህ ጥንዚዛ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ለመጨረስ የማይመች ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ማፍራት ችሏል። የጅማ ገበሬ ይህን ለውጥ በፍሬው ላይ ያየዋል።

በሌላው በኩል የሚጠፉት አሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2018 ባወጣው የአውሮፓ ዝርዝር፣ ኑሯቸው በሞተና በበሰበሰ እንጨት ላይ ከሆነ ወደ 700 የሚጠጉ የተገመገሙ ጥንዚዛዎች ውስጥ 18 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። በቀዳሚነት የተጠቀሰው ምክንያት የትልልቅ አሮጌ ዛፎች መመናመን ነው። ግንድ የሚያፈርሱት፣ አፈርን የሚያለሙት እየቀነሱ፣ ሕያው ዛፍንና ፍሬን የሚያጠቁት ይበዛሉ። ይህን ሚዛን ሙቀቱ ብቻውን አላመጣውም። ደኑን የመነጠርነው፣ የቀረውንም በእርሻና በከተማ ቆራርጠን መሸሻ ያሳጣነው እኛ ነን።

ከትራያሲክ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። አሮጌ ደን ከጠፋ በኋላ ዛፍ መመለሱ አይቀርም፤ ጥንዚዛም ይመለሳል፤ ነገር ግን በሚሊዮን ዓመታት ልክ ነው፤ የሚመለሱትም ሌሎች ናቸው። ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ለዘመናት የቆመን ደን ግን አይተካም። የአገራችን ገጠር ቤተሰብ ማገዶ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ ደረቅ እንጨት ለቀመ ብዬ የምወቅሰው ሰው የለም። ማገዶው ግን ለዚሁ ከተተከለ ባህር ዛፍ ሊመጣ ይችላል። በካፋና በያዩ የተጠበቁ ደኖች፣ በሐረና፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ቅጥር ውስጥ ላሉት ደኖች ኃላፊነት ያለባችሁ ሁሉ፣ በእርጅና የቆመውን ዛፍ አትቁረጡት፤ የወደቀውንም ግንድ አታውጡት፤ እዚያው ይበስብስ።